በሙጃ መንገድ ለዞምቢ የተቀመጥነው ሽምግልና

«ለመሆኑ አንቺ አስተማሪ የሆንሽው እንዴት ነው?» ብሎ ያልጠየቀኝ ሰው የለም። ጠያቂዎቹ ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ ስናገር ስለሚሰሙኝ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ተብታባ ነኝ። በተለይ «በ» እና «መ» ላይ ስደርስ ምላሴ ቀጥ ይላል፤ ብገፋው አይሄድ፣ ብለምነው አይሄድ። ስሜ ደግሞ ማስተዋል ነው። የገዛ ስሜን ለመናገር የምፈራ ሰው ነበርኩ ማለት ነው። እንግዲህ መልሱን አንድ ጊዜ በደንብ ልጻፈውና ልረፍ። ትንሽ ይረዝማል፤ ውስጡም ዞምቢ አለበት።

ያደግሁት ላሊበላ ነው። ከመምህራን ኮሌጅ ስመረቅ ውጤቴ ጥሩ ነበር፤ በወረቀት ላይ የሚያክለኝ አልነበረም። ለልምምድ ክፍል ውስጥ የገባሁ ቀን ግን ጥቁር ሰሌዳው ፊት ቆሜ «እንደምን አደራችሁ» የምትለዋን እንኳን መጨረስ አቃተኝ። ልጆቹ ሳቁ። ልጆች ናቸው፣ አልፈርድባቸውም። እኔ ግን ያን ዕለት አንድ ነገር ቆረጥኩ፤ ከዚያ በኋላ ሰሌዳ ፊት አልቆምም።

የተመደብኩት ሙጃ ነበር። ምደባው ሲወጣ ቤተሰቤ እልል አለ፤ እኔ አክስቴ ጋ ሄጄ ተማከርኩ። አክስቴ የልብስ ስፌት ሱቅ አላት። ከጓዳዋ አንድ መኪና ልትሰጠኝ ተስማማን። የስፌት መኪና አያናግርም፣ አይስቅም። የቀረኝ ሙጃ ሄዶ «ይቅርብኝ» ማለት ብቻ ነበር። ትምህርቱ ሊጀመር ቀርቦ ስለነበር ዳይሬክተሩ ሌላ ሰው እንዲፈልጉ በጊዜ መናገር ነበረብኝ። እሱን ለማለትም ምላስ ያስፈልጋል። ስለዚህ አብሮ አደጌን ሳባን ይዤያት ሄድኩ። ሳባ አፏ እንደ ወፍጮ ነው። «አንቺ ከጎኔ ቁሚ፤ እኔ እጨርሰዋለሁ» አለችኝ።

እኔና ሳባን ከጎረቤትነት በላይ የሚያገናኘን አንድ ተከታታይ ፊልም ነበር። የሞቱ ሰዎች ተነስተው ሕያዋኑን እየነከሱ የራሳቸው ዓይነት ስለሚያደርጉበት ዓለም የሚያወራ፣ በሥዕል ከተሠራ የኮሚክ መጽሐፍ የተወሰደ ረጅም ድራማ ነው። ያኔ የመጨረሻው ምዕራፍ ገና አልወጣም። እንደኛ ያበዱ ሰዎች የተሰበሰቡበት የቴሌግራም ግሩፕ ነበረን። ሌሊት ከቀን «ቲዎሪ» እንጽፋለን፤ ማን ሞተ፣ ማን ከዳ፣ ቀጥሎ ምን ይመጣል። እዚያ ግሩፕ ውስጥ እኔ ትልቅ ሰው ነበርኩ። ገጽ ሙሉ እጽፋለሁ፣ ሰው ሁሉ ይከራከረኛል፣ አንድም ሰው እንደምንተባተብ አያውቅም። ጣት አይንተባተብማ።

ሚኒባሱ ከላሊበላ የተነሳው በጠዋት ነው። ክረምቱ ሊወጣ አካባቢ ነበር፤ ሌቱን ዘንቦ አድሯል። ገነተ ማርያምን አልፈን ዳገቱን እንደተያያዝነው ጉሙ ዋጠን። አንዱ ጥምዝ ላይ ሾፌራችን ሙሄ ፍሬኑን ረገጠ። አጣና የጫነ አይሱዙ ተንሸራቶ መንገዱን በአግድሙ ዘግቶት ቆሟል።

ሙሄ ወርዶ አይቶ ተመለሰ። «አብሽሩ፤ ሾፌሩ ሰው ሊጠራ ወደ መንደር ሄዷል አሉ። ሲመጣ ይነሳል» አለ። እስከዚያ መጠበቅ ነው። ውጭው ዝናብና ብርድ ስለነበር በሩን ዘግተን ተቀመጥን። የሰው ትንፋሽ መስታወቱን አልብሶት ውጭው አይታይም።

እንግዲህ ሥራ ሲፈታ ምን ይወራል? እኔና ሳባ ያቺን የፈረደባትን ክርክር አነሳናት። ከሳባ ጋር ስከራከር፣ በተለይ ስናደድ፣ ምላሴ ይፈታልኛል።

«በገዛ እጁ ነው ያስበላው!» አለች ሳባ። «በሩን ከውስጥ ቀርቅሮ፣ ወንድሙ እየጮኸ አስበላው። ሌላ ምን ማስረጃ ትፈልጊያለሽ?»

«አላስበላውም። ታናሽየው ራሱ ነው ዝጋ ያለው። ተነክሶ ነበር።»

«ተነክሶ ከነበረ ተመልሶ ለምን ያንኳኳል?»

«ያንኳኳው እሱ መሆኑን በምን አወቅሽ? ሬሳውን አይተሻል?»

በዚህ መሀል ሚኒባሱ ጸጥ ማለቱን ያወቅነው ዘግይተን ነው። ከፊታችን የተቀመጡት እትዬ የሺ፣ በርበሬና ሽንኩርት ለሙጃ ገበያ የሚያደርሱ ነጋዴ፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ቀርተዋል። በሩ ጥግ የነበሩት አያ ሞላ ቀስ ብለው ወደኛ ዞሩ። የአገር ሽማግሌ ናቸው፤ ድምፃቸው ራሱ ችሎት ችሎት ይላል።

«ልጆቼ፣ በሰው ጨዋታ መግባት ነውር ነው። ግን ማን ነው የተበላው?»

«የ… የሰውየው ወንድም፣» አለች ሳባ፣ ደንግጣ።

«ጅብ ነው?»

«ጅብ እንኳን አይደለም አባባ…»

«ወንድምየውስ ታስሯል?»

«አልታሰረም። እንዲያውም የከተማው አለቃ ሆኗል።»

«ወይ ጉድ!» አሉ እትዬ የሺ። «የእናቱ ሆድ ይቃጠል! የየት ቀበሌ ሰው ነው?»

ከአያ ሞላ አጠገብ መሪጌታ ጥበቡ ነበሩ፣ የቅኔ መምህር። እሳቸውም መቋሚያቸውን ወለሉ ላይ ተከሉና «የወንድም ደም በእጁ ይዞ የሚሾም! ሰምተን ዝም ብንል እኛም እንጠየቅበታለን» አሉ።

ሳባ ከዚህ በላይ መቻል አቃታት። ሳቋን ለቀቀችው። «አባቶቼ፣ ይቅር በሉን፤ ፊልም ነው! ፊልም ነው የምናወራው!»

እኔ መሬት ተከፍቶ ቢውጠኝ በወደድኩ። ሽማግሌ ያላገጥንበት መሰለኝ። አያ ሞላ ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ «ፊልም ይሁን፣» አሉ። «ወንድም ወንድሙን ውጭ ትቶ በር ዘግቷል ወይስ አልዘጋም?»

«ዘግቷል።»

«እንግዲያው ነገር አለ ማለት ነው። መንገዱ ተዘግቷል፣ ሥራም የለን። ከመጀመሪያው ንገሩንና እንየው።»

ሳባ ጀመረች። እግዜር ያሳያችሁ፣ እንዲህ ያለ አነጋገር! መጀመሪያውን ትታ መሀሉን፣ መሀሉን ትታ መጨረሻውን ትዘላለች። በአንድ ትንፋሽ አሥር ሰው ገደለች። ከተማዋ በወንዝ መከበቧን አልተናገረችም፣ ወንድማማቾቹ አባታቸውን እንዴት እንዳጡ አልተናገረችም፤ እትዬ የሺ «ማን ነው ደግሞ እሱ?» ባሉ ቁጥር «እሱ ይቅር፣ ዋና አይደለም» ትላለች። ደሜ ፈላ። ስንት ሌሊት የቆጠርኩበት፣ ክሩን አንድ በአንድ የፈታሁት ታሪክ ዓይኔ እያየ ተበላሸ።

«እ-እ-እንደዚያ አይደለም!» ብዬ ጮኽኩ።

ሰው ሁሉ ወደኔ ዞረ። ሳባም ዞረች። ያኔ ነው ምን እንዳደረግሁ የገባኝ። ጆሮዬ ድረስ ጋልኩ።

«እንግዲያው አንቺ ንገሪና፣» አሉ አያ ሞላ።

«እ-እኔ… ም-ም-ም…» ምላሴ እንቢ አለኝ። ሳባ ልታግዘኝ «ምላሷ ትንሽ…» ብላ ስትጀምር መሪጌታ እጃቸውን አንስተው አስቆሟት። «ቸኩለናል እንዴ?» አሉ። «መኪናው እንደሆነ አይሄድ። ተናገሪ ልጄ፣ በጊዜሽ።»

ጀመርኩ።

መጀመሪያ ያጣላን ስሙ ነው። የፈረንጅ ስም ስጠራ እትዬ የሺ «ይሄማ ምላሴ ላይ አይቀመጥም፤ ታላቁን ዳምጤ፣ ታናሹን ሲሳይ በያቸው» አሉ። አልኳቸው። ሙታኑ መነሳታቸውን ስናገር መሪጌታ «ትንሣኤ ሙታን ነው እንዴ?» ብለው ጠየቁ። ነፍስ እንደሌላቸው፣ ሥጋው ብቻ እንደሚሄድ ነገርኳቸው። «እሱማ በድን ነው» አሉ። ከዚያ ወዲያ ዞምቢ የሚል ቃል አልተነሳም፤ በድኖቹ ሆኑ።

እንግዲህ በድኖቹ አገሩን ሲያጠፉ፣ ዳምጤና ሲሳይ የተረፈውን ሰው ሰብስበው በወንዝ ወደተከበበች ከተማ ገቡ። ድልድዩ ላይ አንድ የብረት በር አለ። በሩን የሚጠብቀው ዳምጤ ነው። ሲሳይ ሰው ሊያወጣ እየሄደ፣ ስንቅ ይዞ እየመጣ፣ ሲመለስ ብረቱን በመዳፉ እየመታ «እኔ ነኝ» ይላል። አንድ ቀን ሄዶ በድኖቹን አስከትሎ መጣ። በሩ ተዘጋ። ጩኸት ተሰማ። ሬሳ አልታየም።

«ሬሳ ካልታየ ለቅሶ አይደረስም፣» አሉ አያ ሞላ።

ግሩፓችን ውስጥ ስንት ጊዜ የተጻፈ ሕግ ነው! «ሬሳው ያልታየ አልሞተም» እንላለን። ደስ አለኝ። ደስ ሲለኝ ደግሞ እጄ መንቀሳቀስ ጀመረ፤ ሳላስበው ከመቀመጫዬ ተነስቼ፣ ጎንበስ ብዬ፣ የበድኖቹን አረማመድ እያሳየሁ ነበር።

መንተባተቤ ጠፋ እንዳትሉኝ። አልጠፋም። እንዲያውም ዋናው ቦታ ላይ ስደርስ ይብሳል። የሚገርመው ግን እዚያ ነው። ቃል ላይ ስያዝ ማንም አልሳቀም፤ እንዲያውም አንገታቸውን ወደኔ ያሰግጋሉ። እትዬ የሺ ነጠላቸውን ይነክሳሉ። ሙሄ ብቻ ትዕግስት የለውም፤ «በ-በ-በ» ስል «በላው?» ይላል፣ «መ-መ» ስል «ሞተ?» ይላል፣ ሁልጊዜም ይስታል። ሁሉም በአንድ አፍ «ዝም በል፣ ትናገር!» ይሉታል። በሕይወቴ ሙሉ የፈራሁት ያ ዝምታ ሰው እንዲህ አንጠልጥሎ እንደሚይዝ በምን አውቄ!

ጭኮ ወጣ፣ ቆሎ ዞረ፣ ሽምግልናው ተቀመጠ። ሳባ ከሳሽ ሆነች፤ ዳምጤ ሥልጣን ፈልጎ ወንድሙን አስበላ። እኔ ጠበቃ ሆንኩ፤ ሲሳይ ተነክሶ ስለነበር ራሱ ዝጋ ብሎታል፣ ዳምጤም የወንድሙን አደራ ነው የጠበቀው። በኮሚኩ ላይ ሲሳይ በሩ ሥር መሞቱ ተስሏል፤ ፊልሙ ግን ከመጽሐፉ ወጥቶ ሄዷልና እሱ ማስረጃ አይሆንም ብዬ ተከራከርኩ።

መሪጌታ እንደ ልማዳቸው ምሥጢሩን ባንድ መንገድ ብቻ ሊያዩት አልወደዱም። «አንድም፣ የዘጋው ለከተማው ብሎ ነው፤ አንድ ሰው ጠፍቶ ብዙ ይዳን ብሎ። አንድም፣ የዘጋው ቀንቶ ነው፤ ሕዝቡ ሲሳይን ይወድ ነበርና። አንድም…» ሲሉ አያ ሞላ አቋረጧቸው።

«መሪጌታ፣ ይቅርታዎን። እኔ አንድም አልልም፤ አንድ ነው። ወንድሙ ውጭ ቆሞ በር የዘጋ ሰው ምክንያት የለውም። ቢነከስስ? አብሮት ይነከስ! እኔ ብሆን በሩን ይዤ እከፍትለት ነበር እንጂ አልዘጋም። ዳምጤ ጥፋተኛ ነው። በቃ።»

ሳባ አጨበጨበች። እኔም «ይግባኝ አለኝ» አልኩና የመጨረሻዋን ትዕይንት መናገር ጀመርኩ። ምዕራፉ ያበቃባትን፣ ግሩፑን ሁሉ ያሳበደችውን።

«ዳምጤ ብቻውን ነው። ጉም ነው፣ ልክ እንደዚህ። ምንም አይታይም። ከውጭ አንድ ነገር ይንፏቀቃል። ዳምጤ ተጠጋ። ጆሮውን ብረቱ ላይ ለጠፈ። ያኔ በ… በ… በ…»

«በሩ ተንኳኳ» ልል ነበር። ቃሉ ጉሮሮዬ ላይ ተሰካ። ሙሄ እንኳን ዝም አለ።

ኳ! ኳ! ኳ!

የሚኒባሱ በር ነው።

እትዬ የሺ የለቀቁት ጩኸት አሸተን ማርያም ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። መሪጌታ «በስመ አብ!»፣ ሙሄ «ቢስሚላሂ!» አሉ በአንድ ጊዜ። እኔ ሳላስበው የሳባ ጭን ላይ ተቀምጫለሁ። በሩ ከውጭ ትንሽ ተንሸራተተና በስንጥቁ አንድ እጅ ገባ። ጭቃ የለበሰ እጅ ነው። ከኋላው ፊት ብጤ ይታያል፤ ግንባር የለው፣ ከንፈር የለው፣ ጭቃ ብቻ። አፉ ተከፍቶ «ኧ… ኧ…» ይላል።

በዚህን ጊዜ አያ ሞላ ተወርውረው ተነሱ። በሩን በሁለት እጃቸው ያዙና ግው አድርገው ዘጉት። ጭቃማው እጅ ለጥቂት ነው የወጣው። እግራቸውን ወለሉ ላይ ተክለው፣ በትከሻቸው ደግፈው፣ «እርዱኝ! እንዳይገባ!» ይሉ ጀመር። ሳባም፣ መሪጌታም፣ እኔም ሄደን ገፋን።

ከውጭ «ኧረ የሰው ያለህ! ኧረ እናንተ ሰዎች!» የሚል ጥርት ያለ አማርኛ ሰማን።

ሙሄ በመስኮቱ ብቅ ብሎ አየና መሪው ላይ ተደፍቶ ሳቀ። የአይሱዙው ሾፌር ነው። ሰው ይዞ ሲመለስ አንሸራቶት ቦይ ውስጥ ገብቶ፣ ከራስ ጸጉሩ እስከ ጫማው ተለውሶ፣ ብርዱ መንጋጋውን አስሮት መናገር አቅቶት ነበር። ሊለን የፈለገው «ገፊ አነሰን፣ ወንዶች ብትወርዱልን» ነው።

በሩ ተከፈተ። ሰውየው እየተንቀጠቀጠ ቆሟል። አያ ሞላ በሩን እንደያዙ ቀርተዋል። ከዚያ እትዬ የሺ «አያ ሞላ…» ብለው ጀመሩና መጨረስ አቃታቸው። መሪጌታ በጋቢያቸው ፊታቸውን ሸፈኑ፤ ትከሻቸው ግን ይርገፈገፋል። መጨረሻ ላይ አያ ሞላ ራሳቸው ፈነዱ። እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። እንደዚያ ዓይነት ሳቅ ዳግመኛ አልሰማሁም። ምስኪኑ ሾፌር ብቻ አንዳችንን ከአንዳችን እያየ «ምን ሆነው ነው?» ይላል።

አያ ሞላ የራሳቸውን ጋቢ አውልቀው አለበሱት። ያስገቡትም፣ ጭኮውን ያጎረሱትም እሳቸው ናቸው። ከዚያ ወደኔ ዞረው፣ አሁን ሳይስቁ፣ «ልጄ፣ ፍርዴን አሻሽዬዋለሁ» አሉኝ።

«ዳምጤ ጥ-ጥፋተኛ አይደለም?»

«ጥፋተኛ ነው። ግን አልከዳም፣ አደራም አልጠበቀም። ፈርቶ ነው። እጄ ነው የዘጋው፤ እኔ ገና አላሰብኩም ነበር። ሰው ሲፈራ በሩን ይዘጋል፤ ምክንያቱን የሚፈልግለት ኋላ ነው።»

ስንት ሰው ስንት ዓመት የተከራከረበት ነገር ነው። ቀንቶ ነው፣ ጀግና ነው፣ ተንኮለኛ ነው፤ ሁሉንም ጽፈናል። ፈርቶ ነው ብሎ የጻፈ አንድም ሰው አላስታውስም። እኔ ደግሞ ይህን የሰማሁት ሙጃ ሄጄ «ይቅርብኝ» ልል መንገድ ላይ ሆኜ ነው። ለአክስቴም፣ ለሳባም፣ ለራሴም ስንት ምክንያት ደርድሬ ነበር፤ ስፌት ይሻላል፣ ከቤት አልርቅም፣ ደመወዙም ያው ነው። ሁሉም ኋላ የተፈለገ ነበር። ጭቃው ውስጥ ወርደን አይሱዙውን ስንገፋ ሌላ ነገር አላሰብኩም።

ሙጃ ስንደርስ መሽቶ ነበር፤ ትምህርት ቤቱም ተዘግቷል። እትዬ የሺ «የት ልታድሩ?» ብለው ወደ እህታቸው ቤት ወሰዱን። እራት ቀርቦ ገና ሳንጎርስ «ያንን የበድኖቹን ነገር ለነዚህም አውጊላቸው» አሉኝ። ነገርኳቸው፤ ከነመንተባተቤ፣ ከነእጄ፣ ከነአረማመዱ። ጎረቤት ተጠራ። በሩ ተንኳኳ የሚለው ላይ ስደርስ እትዬ የሺ ሆን ብለው የብረት ትሪ መቱና ቤቱን አተራመሱት።

በማግስቱ ጠዋት ዳይሬክተሩን ቢሮ አገኘናቸው። ሳባ ጉሮሮዋን ጠራርጋ አንድ እርምጃ ቀደም አለች። ክንዷን ያዝኩት።

«ምን ነበር?» አሉ ዳይሬክተሩ።

«መ-መ-መ…» አልኩ። ሳባ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ አየኋትና ዘጋችው። ዳይሬክተሩ ጠበቁ። እኔም ጠበቅኩ። «መምህርት ማስተዋል እባላለሁ። መ-መጣሁ ልልዎት ነው።»

«እንኳን ደህና መጣሽ፣» አሉ። «ሦስተኛ ክፍል ነው የደረሰሽ። ይረብሻሉ።»

እውነታቸውን ነው፤ ይረብሻሉ። የመጀመሪያው ቀን ሳቁብኝ፤ በሁለተኛውም ሳቁ። በሦስተኛው ስለ አንድ በር ነገርኳቸው፤ በድኖቹን ግን ትቼ ጅብ አደረግሁላቸው። ቃል ላይ ስያዝ ክፍሉ በሙሉ ትንፋሹን ያዘ። አሁን አማርኛ የማስተምረው እንደዚያ ነው።

የፊልሙ መጨረሻ በኋላ ወጣ። ሳባም ተሳስታለች፣ እኔም ተሳስቻለሁ፣ ግሩፑ ሁሉ ተሳስቷል። ያንኳኳው ሰው አልነበረም፤ ነፋስ ያወዛወዘው ሰንሰለት ነው ብለው ዘጉት። ግሩፑ ውስጥ ለቅሶ ሆነ። አያ ሞላን ሙጃ ገበያ አግኝቼ ስነግራቸው ዓይናቸው ፈጠጠ። «ነፋስ? ያን ሁሉ ተከራክረን ለነፋስ?» አሉ። «እኔ አልቀበልም። የሠሩት ሰዎች አልገባቸውም። የኛው ይጽና።»

ይኸው ጸንቷል። ሙጃ ውስጥ ታሪኩን የሚያውቅ ሰው ሁሉ የሚያውቀው በአያ ሞላ ፍርድ ነው።

እናንተ አንባቢዎቼ ደግሞ፣ እዚህ ድረስ ከታገሳችሁኝ አንድ ነገር ላስቸግራችሁ። ተብታባ ሰው ስታገኙ ቃሉን አትጨርሱለት። በደግነት እንደምታደርጉት አውቃለሁ። አትሳቀቁ፣ ዓይናችሁንም አታሽሹ፣ ዝም ብላችሁ ቁሙለት። ቃሉ መምጣቱ አይቀርም፤ እግሩ ትንሽ ያነክሳል እንጂ መንገዱን አይስትም።